የደቃቅ ብናኝ ምንጭ ፍለጋ፦ ከአዲስ አበባ ጣሪያ እስከ ሳቫና እሳት

ነሐሴ መጨረሻ፦ ጥያቄውና ዕቃው

የዚህ ሥራ ጥያቄ አጭር ነው። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ መለኪያ «ፒኤም 2.5 ይህን ያህል ደርሷል» ሲል፣ ያ ብናኝ ከየት መጣ? ከጎረቤት ጉልቻ ነው፣ ከናፍጣ መኪና፣ ከአስፋልት ዳር አፈር፣ ወይስ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ከሚነድ ሣር? መለኪያው መጠኑን እንጂ ምንጩን አይናገርም። ፒኤም 2.5 የሚባለው ስፋቱ 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ብናኝ ሁሉ ነው፤ የእንጨት ጭስ፣ የናፍጣ ጥላሸት፣ የአፈር ዱቄት፣ አየር ላይ ከጋዝ የተፈጠረ ሰልፌት አንድ ላይ ይቆጠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ ከ5፣ የ24 ሰዓቱ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ እንዳይበልጥ ይመክራል። ቀድሞ በ2005 ያወጣው 10 እና 25 ነበር፤ አሮጌውን ቁጥር ይዘው የሚጽፉ ብዙ ስለሆኑ የትኛው እንደተጠቀሰ ይጣራ።

ለአንድ ጣቢያ የተሰበሰበው ዕቃ፦ ሁለት ፕላንታወር ፒኤምኤስ5003 የሌዘር ሴንሰር፣ አንድ ኢኤስፒ32 ቦርድ (መረጃውን የሚቀበልና በዋይፋይ የሚልክ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ለሙቀት፣ ለእርጥበትና ለግፊት ቢኤምኢ280፣ የራሱ ባትሪ ያለው ዲኤስ3231 ሰዓት፣ የማይክሮ ኤስዲ ካርድ ማንበቢያ፣ 5 ቮልት 2 አምፔር ቻርጀር፣ መብራት ሲጠፋ የሚረከብ 18650 ባትሪ ከነቦርዱ፣ 110 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ ከነክዳኑ። ሴንሰሩ ሁለት የሆነው ለጌጥ አይደለም። አንድ ሴንሰር ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ዝም አይልም፤ የተሳሳተ ቁጥር እየሰጠ ይቀጥላል። ሁለቱ ሲለያዩ ብቻ ነው ስህተቱ የሚታወቀው።

ሽቦው፦ የሴንሰሩ 1ኛ ፒን 5 ቮልት፣ 2ኛው መሬት፣ 5ኛው የመረጃ መውጫ ነው። መረጃው በ3.3 ቮልት ስለሚወጣ ኢኤስፒ32 ላይ በቀጥታ ይሰካል። 3ኛው ፒን ማስተኛ ነው፤ ሳይነካ ከተተወ ሴንሰሩ ሥራውን ይቀጥላል። እዚህ ፒን ላይ 5 ቮልት እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

መስከረም መጀመሪያ፦ ጎን ለጎን

ሴንሰሩ በ9600 ባውድ (የመረጃ መላኪያ ፍጥነት) 32 ባይት የሆነ መልእክት ይልካል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች ሁልጊዜ 66 እና 77 ናቸው። የፊተኞቹ 30 ባይቶች ድምር ከመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች ጋር ካልገጠመ መልእክቱ ይጣላል። ይህን ማጣሪያ ያልጻፈ ሰው አልፎ አልፎ ብናኙ በአንዴ ብዙ ሺህ ሲደርስ ያያል፤ ያ ብክለት ሳይሆን የተቆረጠ መልእክት ነው። ሴንሰሩ ከተነሣ በኋላ ማራገቢያው እስኪረጋጋ 30 ሰከንድ ይፈልጋል፤ ያ ጊዜ አይመዘገብም።

እያንዳንዱ መልእክት ሁለት ዓይነት የፒኤም 2.5 ዋጋ ይይዛል፦ አንዱ የፋብሪካ መደበኛ የሚባለው፣ ሌላው ለደጅ አየር ተብሎ የተስተካከለው። አየሩ ንጹሕ ሲሆን ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ጭሱ ሲበዛ ሁለተኛው ዝቅ ይላል። የተመዘገበው የፋብሪካ መደበኛው ነው። የደጁን ማስተካከያ ፋብሪካው ምን ላይ ተመሥርቶ እንደሠራው ስላልገለጸ፣ በኋላ የራስን እርማት ለማድረግ ያልተነካው ይሻላል።

ሁለቱን ሴንሰሮች በአንድ ቱቦ ውስጥ አሥር ሳንቲ ሜትር አራርቆ ማስኬድ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ደንቡ፦ የሰዓት አማካያቸው ከ5 ማይክሮግራም በላይ፣ እንዲሁም ከ20 በመቶ በላይ ከተለያየ ያ ሰዓት አይቆጠርም። ሁለቱም መስፈርት አንድ ላይ መሟላት አለበት። 20 በመቶ ብቻውን ከተያዘ ንጹሕ ሌሊት ላይ የ1 እና የ2 ማይክሮግራም ልዩነት ደህናውን መረጃ ያስጥላል።

በዚህ ደረጃ በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ኮድ ሳይሆን ገመድ ነው። ሴንሰሩ ከ4.5 እስከ 5.5 ቮልት ይፈልጋል። ቀጭን የስልክ ገመድ ሦስት አራት ሜትር ሲረዝም፣ በተለይ ኢኤስፒ32 ዋይፋይ በሚልክበት ቅጽበት፣ ቮልቱ ከዚያ በታች ይወርዳል። ማራገቢያው ይዝላል፣ የሚስበው አየር ያንሳል፣ ቁጥሩ ይዋዥቃል። ቮልቱን ቻርጀሩ ጋ ሳይሆን የሴንሰሩ ፒን ላይ ይለኩ።

ቱቦው አፉን ወደ መሬት ደፍቶ፣ ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ ይሰቀላል። አፉ ላይ የወንፊት ሽቦ ይደረጋል፤ ሸረሪት የሴንሰሩን ቀዳዳ በጣም ይወዳል፣ ድሩም በሌዘሩ ፊት ሲወዛወዝ እንደ ጭስ ይነበባል። ወንፊቱ ከ1 ሚሊሜትር በታች ከጠበበ ደግሞ ራሱ አቧራ ይዞ ይደፈናል። ቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ስለሚግል ቱቦው ከቆርቆሮው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል፤ ከማድ ቤት ጭስ መውጫ ደግሞ ቢቻል ከአሥር ሜትር በላይ ይራቅ።

እርጥበት

ይህ ክፍል ሰፊ ቦታ የወሰደው ክረምት ላይ የተሰበሰበ መረጃ ዋጋ የሚያጣው በእርሱ ምክንያት ስለሆነ ነው። ሴንሰሩ ብናኝ አይመዝንም፤ ብርሃን ሲበተን አይቶ ይገምታል። አንጻራዊ እርጥበት ከ75 እስከ 80 በመቶ ሲያልፍ ሰልፌትና የጭስ ብናኝ ውሃ ይጠጣሉ፣ ያብጣሉ፣ ብዙ ብርሃን ይበትናሉ። ብክለቱ ሳይጨምር ቁጥሩ ይጨምራል። የአዲስ አበባ የነሐሴና የመስከረም ንጋት ደግሞ ጭጋጋማ ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ለዚህ የሴንሰር ቤተሰብ ያዘጋጀው እርማት በሰፊው ይሠራበታል፦ የሴንሰሩ ቁጥር በ0.524 ይባዛል፣ የእርጥበቱ በመቶኛ በ0.0862 ተባዝቶ ይቀነሳል፣ 5.75 ይደመራል። ሴንሰሩ 80፣ እርጥበቱ 50 በመቶ ቢሆን፦ 41.9 ሲቀነስ 4.3 ሲደመር 5.75፣ ማለትም 43.4 ገደማ። ግማሽ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። ብዙ ሰው ያልታረመውን ቁጥር ሲያሰራጭ የሚያስደነግጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

እርማቱ የተሠራው በአሜሪካ አየር ላይ ነው፤ ለአዲስ አበባ እንደ መነሻ እንጂ እንደ ፍርድ አይያዝም። ትክክለኛው መንገድ ከማጣቀሻ መሣሪያ ጋር ማነጻጸር ነው። ለዓመታት የአሜሪካ ኤምባሲ በከተማው ያስቀመጠው የቤታ ጨረር መለኪያ የየሰዓቱን ውጤት ለሕዝብ ያወጣ ነበር፤ ይህ ስርጭት በመላው ዓለም እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ቆሟል። የቀድሞው መረጃ ለወቅት ንጽጽር አሁንም ይጠቅማል፤ ለአዲስ ሴንሰር ማስተካከያ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ሁለቱ በአንድ ሰዓት አንድን አየር አላዩም።

አንድ የተለመደ ግምትም እዚህ ይታረም፦ ዝናብ ደቃቁን ብናኝ እንደ አቧራ አያጥበውም። ከ0.1 እስከ 1 ማይክሮሜትር ያለው ብናኝ የዝናቡን ጠብታ ከአየሩ ጋር ዞሮ ያልፈዋል። የእንጨትና የናፍጣ ጭስ አብዛኛው ክብደቱ ያለው እዚያ መጠን ላይ ነው። ክረምት በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ማገዶው እርጥብ ሆኖ ሲጨስ፣ ዝናቡ እየዘነበም ብናኙ ከፍ ሊል ይችላል።

መስከረም 16፦ ደመራ

አጭር ማስታወሻ። ደመራው በየሰፈሩ ሲለኮስ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ነፋስ ካለም ቶሎ ይወርዳል። ለምንጭ ጥናት ጥሩ መሞከሪያ ነው፤ የሚነደው ነገር፣ ቦታውና ሰዓቱ ይታወቃል። ጥቅሙ አንድ ነው፦ የመለኪያው ሰዓት ትክክል መሆኑን ያሳያል።

ጥቅምት፦ የቀኑ ቅርጽ

ስለ ሰዓት ከተነሣ፣ መዝገቡ ሁሉ በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚጻፈው፤ ሳተላይቱም የንፋስ ሞዴሉም በዚያ ስለሚሠሩ። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 ሰዓት መቀነስ ነው። መዝገቡ 4:30 ካለ ከጥዋቱ 1:30 ማለት ነው። 3 መደመር ያለበት መስሎት የሚደምር ሰው የፈረንጅ ሰዓት ያገኛል፤ ከዚያ 6 ሳይቀንስ ከማድ ቤት ሰዓት ጋር ሲያነጻጽር ሁሉም ነገር ይዛባበታል። የ24 ሰዓት አማካይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይያዝ፣ ከ24ቱ ሰዓት ቢያንስ 18ቱ ደህና መረጃ ከሌላቸውም ቀኑ አማካይ አይሰጠው።

ሰማዩ ሲጠራ የቀኑ ቅርጽ ሁለት ጉብታ ይሠራል፦ ከንጋቱ 12 እስከ ጥዋቱ 3 ሰዓት አንዱ፣ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ሌላው። ጥዋት መኪናውና ጉልቻው አንድ ላይ ይነሣሉ፤ በዚያ ላይ ሌሊት መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከእንጦጦ ወርዶ ከተማው ላይ ይተኛል፣ ጭሱም ከበላዩ ክዳን እንዳለበት ድስት ታፍኖ ይቆያል። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ክዳኑ ይነሣና መስመሩ ይወርዳል። ስለዚህ ቀትር ላይ ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ ልቀቱ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ያው ጭስ በሰፊ አየር ተበተነ።

መኪናንና ማድ ቤትን ለመለየት ርካሹ ዘዴ እሑድ ነው። እሑድ ጥዋት መኪናው ይቀንሳል፣ ማድ ቤቱ አይቀንስም። የብዙ እሑዶች አማካይ ከሥራ ቀናት አማካይ ላይ ሲቀነስ የሚቀረው በአብዛኛው የትራፊክ ነው። ሁለተኛው ዘዴ መብራት ነው፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ሰፈር መብራት ሲጠፋበት ወደ ቅጠልና ጭራሮ ይመለሳል፣ ጀነሬተርም ይነሣል። መብራት የጠፋበትን ሰዓት የሚመዘግብ አንድ ዓምድ መጨመር (ቻርጀሩ ቮልት ማጣቱን ኢኤስፒ32 ራሱ ሊያውቅ ይችላል) ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

አጭርና ሹል ጉብታ፣ አሥር ሃያ ደቂቃ የሚቆይ፣ ምናልባት ቡና ነው። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ጣሪያ ላይ ሳይቀር ይታያል። ለሰፈሩ አማካይ እንዲህ ያለው ጉብታ ተለይቶ ይታይ እንጂ አይሰረዝ፤ ሰው የሚተነፍሰው እርሱንም ነው።

ከሰልን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከሰል ከተቀጣጠለ በኋላ ከእንጨት ያነሰ ብናኝ ያወጣል፤ ሴንሰሩ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ክፍሉ ግን በካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሞላ ይችላል። ፒኤምኤስ5003 ጋዝ አያይም። ቤት ውስጥ የሚለካ ሰው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሳይኖረው ከሰሉን «ንጹሕ» እንዳይል።

ሕዳር መጀመሪያ፦ ማጣሪያ

ሌዘሩ ምንጭ መለየት የማይችል ስለሆነ በማጣሪያ መሰብሰብ ተጀመረ። 47 ሚሊሜትር የቴፍሎን ማጣሪያ፣ አየሩን አሽከርክሮ ከ2.5 ማይክሮሜትር በላይ ያለውን ብናኝ የሚያስቀር ሳይክሎን፣ በደቂቃ 16.7 ሊትር የሚስብ ፓምፕ። በ24 ሰዓት 24 ሜትር ኪዩብ አየር ያልፋል። አየሩ 30 ማይክሮግራም ቢኖረው ማጣሪያው ላይ የሚቀረው 720 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሚዛኑ 1 ማይክሮግራም መለየት አለበት፣ ማጣሪያውም ከመመዘኑ በፊት ሙቀቱና እርጥበቱ በተወሰነ ክፍል ውስጥ 24 ሰዓት ያድራል። ቴፍሎን የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ ያ ሙል ካልጠፋ ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር አይረጋም። ከየአሥሩ ማጣሪያ አንዱ ወደ ጣሪያ ወጥቶ አየር ሳይሳብበት ይመለሳል፤ በመንገድ የያዘው ቆሻሻ በእርሱ ይታወቃል።

ከፍታው እዚህ ላይ ያስከፍላል። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊት 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። የፓምፑ መለኪያ የባሕር ጠለልን መደበኛ ሊትር የሚቆጥር ከሆነ፣ 16.7 ሲያሳይ በእውነት እየሳበ ያለው 22 ሊትር ገደማ ነው። አየሩ በሳይክሎኑ ውስጥ በፍጥነት ስለሚሽከረከር መቁረጫው ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች ይወርዳል፣ ከፊሉ ብናኝ ማጣሪያው ሳይደርስ ይቀራል። ፍሰቱ በአካባቢው ግፊትና ሙቀት ይስተካከል። በዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ መመሪያ ይህን ብዙ ጊዜ አያነሣም።

ከተመዘነ በኋላ ማጣሪያው በኤክስሬይ ይመረመራል። የሚፈለጉት ምልክቶች፦ ሲሊከን፣ አሉሚኒየም፣ ካልሲየምና ብረት አንድ ላይ ከወጡ አፈርና ሲሚንቶ፤ ፖታስየም ከአፈሩ ድርሻ በላይ ከሆነ የሚነድ እንጨትና ቅጠል፤ መዳብና ዚንክ ፍሬንና ጎማ፤ ክሎሪንና አንቲሞኒ የሚቃጠል ቆሻሻ፤ ቫናዲየምና ኒኬል የመርከብ ከባድ ነዳጅ (ይህ ለጅቡቲ ወይም ለጅዳ ወደብ እንጂ ለአዲስ አበባ ብዙም አይደለም)። ለእንጨት ጭስ ከፖታስየም የሚታመነው ሌቮግሉኮሳን የሚባለው ስኳር ነው፤ ሴሉሎስ ሲቃጠል ብቻ ስለሚወጣ። እርሱን ለመለካት ግን ማጣሪያው ኳርትዝ መሆን አለበት።

ላቦራቶሪ የሌለው ሰው የማጣሪያውን ቀለም ይመልከት። የናፍጣ ጥላሸት ጥቁር ነው፣ የሚጨስ እንጨት ወደ ቡናማ ይወስዳል፣ አፈር ደብዛዛ ቀይ ነው። የዚህ የሠለጠነው ዓይነት መሣሪያ ብርሃንን በ370 እና በ880 ናኖሜትር ያሳልፋል፤ የናፍጣ ጥላሸት በሁለቱም ላይ ተመጣጣኝ ያጨልማል፣ የእንጨት ጭስ ግን 370ው ላይ በብዙ ይበልጣል።

ሕዳር 12

ለዚህ ሥራ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ቀን ይህ ነው። በ1911 ዓ.ም. የሕዳር በሽታ፣ ዓለም የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ የሚለው፣ ሀገሩን ከመታ ወዲህ ሕዳር ሲታጠን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ከተማ ሙሉ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ነገር ሲያነድ ተመራማሪ ሊያዘጋጀው የማይችለው ሙከራ ይሆናል።

ዝግጅቱ፦ ማጣሪያው በ24 ሰዓት ምትክ በየ12 ሰዓት ይቀየራል፣ ከበዛ ጭስ ተደፍኖ ፍሰቱ እንዳይወርድ። ማነጻጸሪያ የሚሆኑት ባለፈውና በሚቀጥለው ሳምንት ያው የሳምንቱ ቀን ናቸው፤ በንፋስና በደመና የሚቀራረቡ ከሆነ። ቀኑ ሚካኤልም ስለሆነ ትራፊኩ ከተራ ቀን ይለያል፤ ከሥራ ቀን ጋር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል።

ሦስት ነገር ይከሰታል። አንደኛ፣ እርጥብ ቅጠልና ጥራጊ እሳቱ ሳይነሣ ሲጨስ ይውላል። እሳት ነበልባል ሲኖረው ነዳጁ በደንብ ይቃጠላል፤ ታፍኖ ሲጨስ በኪሎ የሚያወጣው ብናኝ ይበዛል። ሁለተኛ፣ ሴንሰሩ ከ500 ማይክሮግራም በላይ ያለውን በትክክል ለመለካት አልተሠራም፤ አጠገቡ ከተቃጠለ መስመሩ ላይኛው ጫፍ ላይ ይዘረጋል፣ ያ ሰዓት «ከ500 በላይ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ አማካይ ውስጥ በቁጥሩ አይገባም። ሦስተኛ፣ ጥራጊው ውስጥ ፕላስቲክ አለ። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድና ዳዮክሲን ይወጣል፤ ክሎሪን በማጣሪያው ላይ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። በ1911 ዓ.ም. የታጠነው ሰፈር ፕላስቲክ አልነበረውም።

የዚህን ቀን የሴንሰር ቁጥር ከአቧራማ ቀን ቁጥር ጋር በቀጥታ ማነጻጸር አይቻልም። ይኸው ሴንሰር ለጭስ አብዝቶ፣ ለአቧራ አሳንሶ ይናገራል። ማጣሪያው ብቻ ነው ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጠው።

ታኅሣሥ፦ ቀይ ነጥቦቹ

ናሳ ፈርምስ በሚባለው ገጹ የሳተላይት የእሳት ነጥቦችን ሳተላይቱ ካለፈ በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ያወጣል። ሞዲስ የተባለው የሳተላይት መሣሪያ 1 ኪሎ ሜትር፣ ቪርስ የተባለው ደግሞ 375 ሜትር ስፋት ባለው ቁራጭ ያያል። ታኅሣሥ ላይ ካርታው ሲከፈት ከጋምቤላ ጀምሮ በደቡብ ሱዳን፣ በመካከለኛው አፍሪካ አልፎ እስከ ሴኔጋል ቀይ ቀበቶ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «የከተማችን ጭስ ከዚያ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሦስት ማጣሪያ ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው፣ ነጥቡ ምን እንደሆነ። ሳተላይቱ የሚያየው ሙቀትን ነው። ኤርታሌ እሳተ ገሞራ ብዙ ጊዜ ነጥብ አለው፤ የደቡብ ሱዳን ነዳጅ ጉድጓዶች የሚያነዱት ጋዝም እንዲሁ። የማህደሩ ፋይል ዓይነት የሚል ዓምድ አለው፦ 0 ዕፀዋት፣ 1 እሳተ ገሞራ፣ 2 ሌላ ቋሚ የየብስ ምንጭ፣ 3 ባሕር ላይ። 0ውን ብቻ ይያዙ። አንድ ነጥብ ደግሞ አንድ እሳት ማለት አይደለም፤ አንድ ረጅም የሣር እሳት ግንባር ብዙ ነጥብ ይሰጣል። ቪርስን የያዘው ሳተላይት የሚያልፈው በአካባቢው ፀሐይ ሰዓት ቀን 7:30 እና ሌሊት 7:30 ላይ ስለሆነ በመሐል የነደደና የጠፋ ማሳ አይታይም። ደመናም ይሸፍናል።

ሁለተኛው፣ ምን ያህል ጭስ። ነጥቡ የእሳቱን ኃይል በሜጋዋት ይሰጣል። በእያንዳንዱ ሜጋጁል (1 ሜጋዋት በሰከንድ 1 ሜጋጁል ነው) 0.368 ኪሎ ደረቅ ዕፀዋት ይነዳል፤ የሳቫና (የሞቃት አገር ሣራማ ሜዳ) ሣር በኪሎ 7.17 ግራም ፒኤም 2.5 ያወጣል። የ10 ሜጋዋት ነጥብ፦ በሰከንድ 3.68 ኪሎ ይነዳል፣ 26.4 ግራም ብናኝ ይወጣል፣ በሰዓት 95 ኪሎ። ክፍት ጉልቻ ላይ በኪሎ እንጨት 6.6 ግራም ያህል ይወጣል፤ አንድ ጉልቻ በሰዓት 1 ኪሎ ቢያነድ ያ አንድ ነጥብ ከ14 ሺህ ጉልቻ ጋር እኩል ነው። በስፋት ለሚሠራ ሰው ሌላው መንገድ ይሄ ነው፦ የተቃጠለ ስፋት በሄክታር፣ በሄክታር ያለ ደረቅ ነዳጅ፣ የነደደው ክፍል፣ የልቀት መጠን አራቱ ይባዛሉ። 4 ቶን ሣር ያለበት ሄክታር 80 በመቶው ቢነድ 23 ኪሎ ብናኝ ይሰጣል። የካናዳና የሳይቤሪያ ደን በኪሎ 15.3 ግራም፣ የሰብል ቃርሚያ 6.26 ግራም ነው የሚያወጣው፤ የሣር ቁጥርን ለደን መጠቀም ውጤቱን በግማሽ ያሳንሳል።

ሦስተኛው፣ ንፋሱ። የአየርን ጉዞ የሚያሰላው ሃይስፕሊት የተባለ ሞዴል በኖአ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር ባለሥልጣን) ገጽ ላይ በነፃ ይሠራል። የጣቢያው ነጥብ ይገባል፣ አየሩ ባለፉት 72 ሰዓታት ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ እንዲሄድ ይታዘዛል፣ መነሻ ከፍታው ከመሬት 500፣ 1,000 እና 1,500 ሜትር ይሆናል። ሞዴሉ የኢትዮጵያን ተራራ ለስላሳ አድርጎ ስለሚያይ የራሱ መሬት ከእውነተኛው በመቶዎች ሜትር ሊለይ ይችላል፤ አንድ መስመር ብቻ አይታመን፣ ሦስቱ ከፍታዎች ከተስማሙ ብቻ ይያዝ። መስመሩ በእሳቱ ላይ ማለፉም አይበቃም፤ ዝቅ ብሎ፣ ጭሱ በደረሰበት ከፍታ ውስጥ ማለፍ አለበት።

በበጋ ወራት አዲስ አበባ ላይ የሚነፍሰው በዋናነት ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው። የጋምቤላና የደቡብ ሱዳን እሳት በምዕራብ ነው ያለው። ስለዚህ በአብዛኛው ቀን ያ ጭስ ከእኛ ይርቃል፤ ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ አቅጣጫ ይሄዳል። የታኅሣሥን ጥዋት ጉብታ ለሳቫናው የሰጠ ሰው ምንጩን ከጓሮው አውጥቶ ለሩቅ ጎረቤት አሸክሟል። በደጋው ላይ የሚነሣ እሳት ሌላ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የባሌ፣ በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የስሜን ተራራ እሳት ዓይነት፣ ቅርበቱም ወቅቱም ስለሚለይ ለብቻው መታየት አለበት።

ጥር፦ አቧራ

ፒኤምኤስ5003 ስለ ፒኤም 10 (ስፋቱ እስከ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ብናኝ) የሚሰጠውን ቁጥር ይርሱት። ማራገቢያውና የብርሃን መንገዱ ሻካራውን ብናኝ በደንብ አያዩም፤ ያ ቁጥር ከደቃቁ ተነሥቶ የተገመተ ነው። አቧራ በሚነሣበት ከሰዓት፣ የመንገድ ሥራ አጠገብ፣ ሴንሰሩ «ደህና ነው» ሲል ዓይን ግን ይቆጠቁጣል። በሪያድና በኩዌት የሚኖር አንባቢ ይኸው ሴንሰር ቢኖረው በአሸዋ ማዕበል ቀን ዝቅተኛ ቁጥር ሊያይ ይችላል፤ በዚያ ቀን የአካባቢውን የማጣቀሻ ጣቢያ ይመልከት። ለአቧራ የሚሆነው ሁለተኛ ፓምፕ በ10 ማይክሮሜትር መቁረጫ ነው። የፒኤም 2.5 ለፒኤም 10 ንጽጽር ወደ 0.3 ሲወርድ አፈር፣ ከ0.6 ሲያልፍ ቃጠሎ ብሎ መጀመር ይቻላል። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ማውጫ የለውም፤ ጎማና የተነሣ አፈር ግን አለው፣ ስለዚህ መኪናው ሲቀየር ይህ ንጽጽር ይወርዳል ብሎ መጠበቅ ነው።

የካቲት፦ የዓለሙ ሠንጠረዥ

የጣሪያው ውጤት ከዓለም አቀፉ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ቶንና ትንፋሽ እንደሚለያዩ ግልጽ ይሆናል። በየዓመቱ ከሚቃጠለው የዓለም የዕፀዋት ስፋት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ በቶን ቢቆጠር ሳቫናው ከፊት ይሰለፋል። ሰው በሚተነፍሰው ሲቆጠር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ለ2017 በተሠራ ዓለም አቀፍ ስሌት ከሕዝብ የብናኝ ጫና ውስጥ የመኖሪያ ቤት ማገዶ 19.2 በመቶ፣ ኢንዱስትሪ 11.7፣ ኃይል ማመንጫ 10.2 በመቶ ይዘዋል፤ የንፋስ አቧራ 16 በመቶ ገደማ። ነዳጅና ድንጋይ ከሰል አንድ ላይ 27.3 በመቶ ሲሆኑ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የድንጋይ ከሰል ነው። የሰደድ እሳት ከማድ ቤቱ በብዙ ያንሳል። ምክንያቱ ቅርበት ነው፤ ያ 6.6 ግራም የሚወጣው ከሰው አፍንጫ አንድ ሜትር ላይ፣ 95 ኪሎው ደግሞ ሰው በሌለበት ሜዳ ነው።

አማካይ ግን ቀን አይነግርም። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የካናዳ ደን ጭስ ኒው ዮርክን ብርቱካንማ አድርጎ እስከ ዋሽንግተን ሲደርስ፣ በዓመት አማካይ ትንሽ የሆነው ምንጭ በዚያ ሳምንት ሁሉም ነገር ነበር። በጥቅምትና በሕዳር የፑንጃብና የሃሪያና ገለባ ሲቃጠል ዴልሂ ላይ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢንዶኔዥያ ፒት (ከበሰበሰ ዕፀዋት የተሠራ አፈር) ከመሬት በታች ለሳምንታት ሲጨስ ሲንጋፖር ድረስ ጨለመ።

በሠንጠረዡ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ረድፍ በቀጥታ ከማንም ጭስ ማውጫ ያልወጣው ብናኝ ነው። የድንጋይ ከሰል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ የመኪና ናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ ከማዳበሪያና ከከብት ፍግ የሚወጣ አሞኒያ አየር ላይ ተገናኝተው ሰልፌትና ናይትሬት ይሆናሉ። በአውሮፓ የፀደይ ብናኝ ከፍ የሚለው ማሳ ሲዳበር የሚሆነው ለዚህ ነው። ጣሪያ ላይ ያለ ሌዘር ይህን ከጭስ አይለይም፤ ማጣሪያው በአዮን ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም ሰልፌትና ናይትሬትን በሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ መታየት አለበት።

ቀጣይ ሥራ

ሁለተኛ ጣቢያ፣ ከከተማው ነፋስ መግቢያ ላይ። በበጋ ይህ ማለት በምሥራቅ ወይም በሰሜን ምሥራቅ ዳር ከመንገድና ከሰፈር ራቅ ያለ ቦታ ነው። የዳሩ ቁጥር ከመሐሉ ላይ ሲቀነስ ከተማው ራሱ የጨመረው ይቀራል፤ በዳሩ ላይ የሚታየው ከሩቅ የመጣው ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች ከመለያየታቸው በፊት በአንድ ጣሪያ ላይ ሁለት ሳምንት አብረው ይሠሩ፣ ሴንሰሮቹም ከአንድ ግዢ ይሁኑ። የዳሩ ጣቢያ መብራት ስለማያገኝ በ10 ዋት ሶላር ይነሣል፤ ሴንሰሩ እያንዳንዱ እስከ 100 ሚሊአምፔር ስለሚስብ 3ኛው ፒን በኮድ ተይዞ በየአሥር ደቂቃው ለሁለት ደቂቃ ብቻ ይነቃል፣ የመጀመሪያው 30 ሰከንድ እንደ ወትሮው ይጣላል። ክረምት ከመግባቱ በፊት የሁሉም ማራገቢያ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ የታመቀ አየር አይነፋበት፣ አቧራውን ሌዘሩ ላይ ይለጥፈዋል።